ከክላስ በኋላ በእግር፦ ከተርሚኒ እስከ አበበ ቢቂላ መንገድ

ሮም ውስጥ ጣልያንኛ የምትማሩ ልጆች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ክላስ ሲያልቅ ቀጥታ ሜትሮ ገብታችሁ ቤት አትሂዱ። እኔ የምማረው ተርሚኒ፣ ትልቁ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው፣ ማታ ማታ ስራ ስላለኝ ከሰዓት ላይ ትንሽ ክፍት ጊዜ አለኝ፣ እና በዛ ሰዓት ዝም ብዬ በእግሬ ስዞር ነው ይቺ ከተማ ስለ እኛ አገር ምን ያህል እንደተፃፈባት ያየሁት። ድንጋዩ ላይ አለን፣ የመንገድ ስም ላይ አለን፣ ግድግዳ ላይ አለን። (አመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ እዚህ የሚነበበው እንደዛ ስለሆነ።)

በቃ ከተርሚኒ እንነሳ። ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ አውቶብሶቹ የሚቆሙበት ሰፊው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ ማለት ነው። ሀበሻ ሁሉ ቀጠሮ የሚይዘው እዛ ነው አይደል፣ ግን አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብዬ ስጠይቅ የሚያውቅ ሰው ብዙም አላገኘሁም። በ1887 ምፅዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው! የዋና ከተማቸው ትልቁ ጣቢያ በር ላይ፣ በየቀኑ ያ ሁሉ ሕዝብ በሚረግጠው ቦታ፣ የአሉላ ድል በእነሱ ሀዘን ስም ተፅፎ አለ።

ከዛ አደባባዩን ተሻግራችሁ ወደ ዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ ስትጠጉ ዛፍ ያለበት ትንሽ አትክልት ቦታ ውስጥ አንድ የግብፅ ሐውልት ታገኛላችሁ። የዳግማዊ ራምሴስ ነው፣ ሮም ውስጥ መሬት ሲቆፈር በ1883 ተገኘ፣ ዶጋሊ ሲመጣ ለሞቱት መታሰቢያ ይሁን ተብሎ መጀመሪያ ጣቢያው ፊት ለፊት ተተከለ፣ በኋላ በ1920ዎቹ አሁን ያለበት ተዛወረ። ስሩ ላይ የወታደሮቹ ስም ተደርድሯል። እኔ ለንባብ ልምምድ ብዬ ነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ በአንድ ማንበብ የጀመርኩት፣ ግን ስሞቹ እየበዙ ሲሄዱ የተሰማኝ ኩራት ብቻ አልነበረም፣ እነዚህም እኮ የሰው ልጆች ናቸው፣ ባህር ተሻግረው ሂዱ የተባሉ፣ እናቶቻቸው አጥንታቸውን እንኳ ያላዩ። አሉላ ልክ ነው፣ አገሩ ላይ ነው የመጡበት። ሀዘኑም ግን እውነት ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ልቤ ውስጥ ገብቷል።

እዚሁ ሐውልት ስር ነው በፋሺስት ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀምጦ የነበረው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጣልያኖቹ ላይ ጎራዴውን የመዘዘው እዚህ ነው፣ ዝርዝሩ በብዙ አይነት ይተረካል፣ ብቻ ከዛ በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም፣ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ታስሮበት በነበረ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሷል፣ ለገሃር ነው ያለው። ስንቴ ታክሲ ስጠብቅ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ እዚህ ድረስ ደርሶ የተመለሰ መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ትምህርት ቤት ለምን አያስተምሩንም?

ከዛ በቪያ ካቩር ቁልቁል ወደ ኮሎሲየም። መንገድ ላይ ማኪያቶ ከጠጣችሁ ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ኮሎሲየሙን ቱሪስቱ ይየው፣ እኛ አጠገቡ ወዳለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት እንሂድ፣ ምክንያቱም በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን የጨረሰው እሱ ጋ ነው፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ ሲመሽ፣ ችቦ በተያዘበት መንገድ ሮጦ። ከቅስቱ በሚነሳው ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ላይ በ2010 የተሰቀለለት መታሰቢያ ፅሁፍ አለ፣ ቀና ብላችሁ ካልፈለጋችሁት ታልፉታላችሁ።

ያንን መንገድ አበበ ከመጣበት በተቃራኒ ስትሄዱት ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ላይ ትወጣላችሁ፣ ፋኦ፣ የተባበሩት መንግስታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ጋ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። ሕንፃው ራሱ የተጀመረው አፍሪካን ለሚገዛው ሚኒስቴር ተብሎ ነው። ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ውል የወሰደችውን ልትመልስ ፈርማለች፣ ግን አበበ በ1960 ሲያልፍ ሐውልቱ እዛው ነበር፣ አገሩ የገባውም በ2005 ነው፣ ሶስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን። አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተፎካካሪውን የተለየው እዚህ ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ነው ይባላል። አሁን ቦታው ላይ ለ2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ሰለባዎች የቆሙ ሁለት አምዶች አሉ፣ መኪና ይመላለሳል፣ እኔ ግን እዛ ስቆም ሁሌ ሆዴ ይላወሳል።

አሁን ይሄ ከቋንቋ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ክላስ ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ ሱፐርማርኬት፣ ስለ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቀጠሮ አውሩ ስንባል አፌ ይያዛል፣ የምለው ነገር ስለሌለኝ ነው። አስተማሪያችን ከሮም የምትወዱትን ቦታ ተናገሩ ስትለን ግን ተነስቼ ስለ ሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ሳወራ ግሡ ተሰበረ አልተሰበረ ምንም አላሰብኩም፣ መናገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ጨርሼ ስቀመጥ አንድ የሞሮኮ ልጅ እጁን አውጥቶ "ሁለተኛ የወጣው የኛ ነው፣ ራዲ" አለ! እውነቱን ነው፣ አበበ እዛ ጋ ጥሎት የሄደው ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። አያቱ ስለ ራዲ ያወሩለት ነበር አለ። እኔ ስለ አበበ፣ እሱ ስለ ራዲ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ እስከ ሜትሮው በር ተጨቃጨቅን፣ ከዛ ቀን ጀምሮ አብረን ነው የምንዞረው።

ቀጥሎ ኳርቲዬሬ አፍሪካኖ ልንሄድ ነው፣ ቪያሌ ኤትዮፒያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሊቢያ የሚባሉ መንገዶች ያሉበት ሰፈር፣ ቢ ኡኖ የሚባለውን የሜትሮ መስመር ይዞ ሊቢያ ፌርማታ መውረድ ነው። እዛ የሚኖር ሀበሻ ካለ የት የት ማየት እንዳለብን ይፃፍልኝ፣ ከሰዓት ላይ ከሆነ አብሮን መምጣትም ይችላል።