የአራተኛው ደንበኛ ቀብድ

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፍ በተረከበ ማግስት የሚያፈላልገው በር ሠሪ ነው። ስለዚህ ለብረታ ብረት ቤት ሥራ አይጠፋም። እዚያው ሰፈር የነበረ አንድ ብረታ ብረት ቤት እጅ ያጠረውም ትዕዛዝ በተደራረበበት ሰሞን ነበር። አራተኛው ደንበኛ «በሬ የት ደረሰ?» ብሎ ሲመጣ፣ ከከፈለው 50,000 ብር ቀብድ አንድ ዘንግ ብረት እንኳ አልተገዛለትም።

ባለቤቱ ሰው የሚበላ አልነበረም። የበላው ሂሳቡ ነው። አንዱ ትዕዛዝ 100,000 ብር፣ ቀብዱ ግማሽ ነው። ብረትና ላሜራ (ስስ የብረት ገበታ) 65,000፤ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ የመቁረጫ ዲስክ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ማጠፊያና ቁልፍ 8,000፤ ለበያጅና ለረዳት 12,000፤ ኪራይና መብራት 5,000፤ ትርፉ 10,000። ቀብዱ ብረቱን እንኳ አይሸፍንም፤ 15,000 ይጎድላል። እሷ ከሁለተኛው ደንበኛ ቀብድ ተወሰደች። ለሁለተኛው 35,000 ቀረና የጎደለው 30,000 ከሦስተኛው ተሞላ፤ ለሦስተኛው 20,000 ብቻ ቀረና የጎደለው 45,000 ደግሞ ከአራተኛው። ለአራተኛው የተረፈችው 5,000 ናት። ሥራ ሲያልቅ የሚገባው ቀሪ ክፍያ ቀዳዳውን መድፈን ይችል ነበር፤ ግን የሱቁና የጓዳው ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ ስለነበር ለዕቁብና ለልጆች ትምህርት ቤት ሄዷል። በዚህ ላይ ብረት 20 በመቶ ጨመረ። 65,000 የነበረው 78,000 ሲሆን ትርፉ አልቆ 3,000 ከኪስ ይወጣል።

ዋጋ አወጣጡም ቢሆን ከመነሻው ጎደሎ ነበር። 90 በ210 ሳንቲ ሜትር በር እንውሰድ። ለመቃኑ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ 5.10 ሜትር ይፈጃል፤ ከ6 ሜትሩ ዘንግ 90 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ይህች ለመዝጊያው መሀል አግዳሚ ትሆናለች። እስከዚህ ጥሩ ነው። ላሜራው ግን 1 በ2 ሜትር ከሆነ ቁመቱ አይደርስም፤ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የምትጠጋ ቅጥያ ከሌላ ላሜራ ትቆረጣለች። «ለአንድ በር አንድ ላሜራ» ብሎ ዋጋ የሰጠ ሰው ከስሯል፤ የሚያውቀው ግን መዝጊያው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ነው። ቁርጡን አስቀድሞ ወረቀት ላይ መሣል አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደረሰኙም ላይ «ቀብድ» ተብሎ ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ አጠፌታውን ይመልሳል። ደንበኛው ይህን ያውቅ ነበርና 100,000 ጠየቀ። በሽማግሌ ተለምኖ 50,000ው በሁለት ጊዜ እንዲመለስለት ተስማማ፤ ለዚያም አንዱ የብየዳ ማሽን ተሸጠ። እንዲህ ያለ ግዴታ ውስጥ መግባት የማይፈልግ ደረሰኙ ላይ «ከዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ ይጻፍ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

እንዲህ ላለ ቤት ቅድሚያ ክፍያው ከብረቱና ከጥቃቅን ዕቃው ድምር ማነስ የለበትም፤ እዚህ ላይ 73,000 መሆኑ ነው። ገንዘቡ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ብረቱም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተገዝቶ የደንበኛው ስም በኖራ ይጻፍበት። የዋጋ ማቅረቢያው ላይ «ለ5 ቀን የሚያገለግል» የምትል መስመር ትግባ። ባለቤቱም እንደ በያጁ ለራሱ ወርኃዊ ደመወዝ ይቁረጥ፤ ዕቁቡን ከዚያ ይጣል።

ይህን ያህል ቅድሚያ አልከፍልም የሚል ደንበኛ አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው፣ ስንቱ ተበልቷል። ለእሱ የብረቱን ዝርዝር ሰጥቶ ራሱ እንዲገዛ ማድረግና የእጅ ዋጋ ብቻ በካሬ መዋዋል ይሻላል። ያን ጊዜ ግን ቁርጥራጩ የማን እንደሚሆን ውሉ ላይ ይስፈር፤ የዘንግ ትራፊ ያጣላው ሰው ብዙ ነው።