በራችን ላይ የሚያልፈው ፋይበር

ሚሊኒየሙ የተከበረ አመት፣ 2000 ላይ ማለት ነው፣ አስረኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከሰፈር ልጆች ጋር የደሴን መንገድ ዳር ዳሩን ቦይ ስንቆፍር ከረምን። ከወገባችን በላይ ይገባ ነበር፣ ክፍያው በሜትር ስለሆነ ማንም አያርፍም፣ ድንጋያማ ቦታ የደረሰው ልጅ እስከ ማታ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ይውላል። ምን እንደሚቀበርበት ስንጠይቅ ፋይበር ነው፣ ኢንተርኔት የሚሄድበት ነው አሉን። እኔ ያኔ ኢንተርኔት አይቼ አላውቅም።

አሁን እዛው ሰፈር ነው ያለሁት፣ ከደብረ ብርሃን 14 ኪሎ ሜትር፣ ሃይስኩል አይሲቲ አስተምራለሁ። ኬብሉ ከቤቴ በር እስከ አስፓልቱ ባለው መሃል ላይ ተቀብሯል፣ የት ጋ እንዳለ በእግሬ ላሳያችሁ እችላለሁ። ቤቴ ግን ፋይበር የለም፣ ትምህርት ቤቱም የለውም።

ለማስገባት ቴሌ ልመዘገብ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ "ቲቸር የእናንተ አካባቢ ፋይበር የለም" አለችኝ። እህቴ እኔ ነኝ እኮ የቆፈርኩት ስላት ሳቅ ብላ ስልኬን ፃፈችልኝ፣ ሲመጣ እንደውላለን አለች። ይሄው አራተኛ አመቱ። ልጅቷ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ሲስተሙ ላይ ያየችውን ነው የነገረችኝ፣ በኛ በር የሚያልፈው ትራንክ ነው፣ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ ዋና መስመር፣ መሃል መንገድ ላይ ተቆርጦ ለቤት አይሰጥም። ለቤት የሚሆነው ሌላ መስመር ነው፣ ከቴሌ ጣቢያው አንድ ፋይበር ይወጣና ስፕሊተር የሚባል መብራት የማይፈልግ ትንሽ ሳጥን ላይ ለ32 ቤት ይከፈላል።

እና ሂሳቡን ብላክቦርድ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ሰራነው። ፋይበሩ ውስጥ ኢንተርኔቱን የሚሸከመው ብርሃን በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል (የመዳከም መለኪያ ነው) አካባቢ ይዳከማል፣ በ14 ኪሎ ሜትር 5 እንበለው፣ ስፕሊተሩ 17 ይወስዳል፣ ለመጋጠሚያው 2 ጨምሩበት፣ ድምሩ 24። የተለመደው መሳሪያ ብርሃኑ እስከ 28 ዴሲቤል ቢዳከምም ይሰራል። ስለዚህ ሩቅ ስለሆናችሁ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ እኛ ጋ ይደርሳል። የጎደለው ቤት ድረስ የሚመጣው መስመርና ይሄን ያህል ሰው ይፈልጋል ብሎ የሚያቀርብ ሰው ነው። በተለይ ዋናው ኬብል ውስጥ ስራ ያልያዘ ትርፍ ኮር፣ ማለትም ትርፍ የፋይበር ክር፣ ካለ ደግሞ እንደገና 14 ኪሎ ሜትር መቆፈርም ላያስፈልግ ይችላል።

እስከዛ ሁላችንም ያለነው በአንድ የሞባይል ታወር ነው፣ የገበያ ቀን ቀጥ ይላል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ ነው እድሜው። አስራ ሁለተኛ ክፍሎች የዩኒቨርሲቲ ምደባቸውን ለማየት በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ለብሰው ኮረብታው ላይ ይወጣሉ፣ እዛ ይሻላል ስለሚባል። ለነሱ የማወርደውን ቪዲዮ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ነው የማወርደው፣ ሰው ስለሚተኛ፣ ግማሽ ላይ ከተቋረጠ ፓኬጁም አብሮ ሄደ ማለት ነው፣ በአስተማሪ ደሞዝ ይሄ ቀላል አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። እህቴ ቤሩት ነው ያለችው፣ ሰባት አመት ሆናት፣ እሁድ እሁድ በኢሞ ትደውላለች። ምስሉ ይደርቃል፣ ፊቷ ይደበዝዛል፣ ድምጿ ቀድሞ ይመጣና አፏ በኋላ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ስልኩን አይኗ ድረስ አስጠግታ "አንተ፣ ልጄ ከስታለች ወይስ ስልኩ ነው?" ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት፣ እኔም አይታየኝም።

ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩን ሰዎች፣ ፎቶ ቤት ያለውን ልጅና ወፍጮ ቤት ያሉትን ጋሼን አናገርኳቸው፣ ጋሼ ኢንተርኔት ባይጠቀሙም ለልጅ ልጆቼ ብለው ስማቸውን አስፃፉ። እስካሁን 19 ቤት ሆነናል፣ 32 ማድረስ ነው የምፈልገው፣ አንድ ስፕሊተር እንዲሞላ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ እንዲህ ተሰባስባችሁ ያስገባችሁ ካላችሁ ማመልከቻው ላይ ምን እንደፃፋችሁና መጀመሪያ ለማን እንደሰጣችሁት ፃፉልኝ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከገጠር የሚመጣውም ሰው ይገኛል፣ የቀሩትን 13 ቤቶች ያን ቀን በር በር እየሄድኩ እጠይቃለሁ።