የፋሲካ ሰላምታ፣ ከወሊሶ መንገድ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ጾሙ አለቀ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ ያነጋችሁ፣ ዛሬ እግራችሁን ዘርግታችሁ ዕረፉ። የዶሮና የቅቤ ዋጋ ወሬ ለነገ ይቆየን። በግ የጣላችሁ ጎረቤት ጥሩ፤ ያልጣላችሁ ደግሞ ስትጠሩ እሺ በሉ። ዛሬ ማንም ብቻውን አይፈስክ። ዐረብ አገር በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን በስልክ የምታሳልፉ እህቶቼ፣ እናንተም እንኳን አደረሳችሁ። እናቶቻችሁ ዛሬ ስማችሁን ሳይጠሩ እንጀራ አይቆርሱም።

እኔና ጓደኞቼ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሌላም የምናስበው ሰው አለ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የዋለው ፋሲካ ትዝ ይላችኋል? ጥላሁን ገሠሠ ያረፈበት ቀን ነው። ከአሜሪካ ገና መመለሱ ነበር። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ወደ ማታው አረፈ ሲባል ተሰማ። ያ ሁሉ የበዓል ቤት የለቅሶ ቤት ሆነ። በኋላ ቅድስት ሥላሴ ሲቀበር ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ።

የተወለደው ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የመስቀል ዕለት። «በመስቀል መጥቶ በፋሲካ ሄደ» ይሉ ነበር ጋሼ። በየዓመቱ፣ በዚህ ቀን፣ ቁርሱ ሲቀርብ። ዘንድሮ የሚለን ሰው የለም።

ስማቸውን አልጽፍም። ጓደኞቼ ታውቋቸዋላችሁ፣ ሌሎቻችሁም እንዲህ ያለ ሰው በሠፈራችሁ አይጠፋም። ጋሼ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ካሴት ይሸጣሉ፣ ይቀዳሉ። ምርጥ ምርጡን የምትፈልግ ዝርዝርህን በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ ትሰጣቸዋለህ፤ እሳቸው ግን ቅደም ተከተሉን ይቀይሩታል። «ይሄ ዘፈን ከዚያ በኋላ አይገባም» ይሉሃል። ካሴት ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ፣ በመጨረሻ ሱቁ ሞባይል መጠገኛ ሆነ። እሳቸው ግን በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አልለቀቁም። ልጆቹ ስልክ ሲጠግኑ እሳቸው ሙዚቃ ያሰሙ ነበር።

አንድ ነገር አይወዱም። «የጥላሁን ዘፈን» ብለህ ዝም ስትል። «ዜማው የማን ነው? ግጥሙን ማን ጻፈው? ከየትኛው ኦርኬስትራ ጋር ነው?» ይሉሃል። ካላወቅህ ካሴቱን ያቆሙታል። የዜማ ደራሲውን ሳህሌ ደጋጎን ሳያነሱ ስለ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የሚያወሩ ሰዎች ያሳዝኗቸው ነበር። «ድምፅማ እግዜር ሰጠው፤ ይዘውት የመጡት ግን ሰዎች ናቸው» ይሉ ነበር። እኔ ይህን አባባላቸውን ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር። የገባኝ ግን ባለፈው የመስቀል ማግስት፣ ወሊሶ መንገድ ላይ ነው።

ጉዞው ለረጅም ጊዜ ሲወራ የቆየ ነው። ጥላሁን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድምፁን ሲቀዱ ኖረው ወሊሶን አላዩም ነበር። ሚኒባስ ያለው ወዳጃችን ነው ነገሩን የቆረጠው። «የመስቀል ማግስት ሥራ አልገባም፣ ነዳጁን እኔ፣ ስንቁን እናንተ» አለ። ነርሷ እህታችን ፈረቃዋን ቀየረች። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለዕረፍት የመጣው ጓደኛችንም የቤተሰብ ግብዣውን ትቶ መጣ።

ከጦር ኃይሎች በአየር ጤና አድርገን ወጣን። ለመስቀል አገራቸው የገቡት ጉራጌዎች ገና ስላልተመለሱ መንገዱ ቀለል ብሎ ነበር። ጋሼ ፍላሻቸውን ሰጡን። ዓለም ገና ላይ የተከፈተው የጥላሁን የመጨረሻ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ ሰበታን ስናልፍ ትንሽ ወደ ኋላ። ተፍኪ ላይ ደግሞ ሌላ ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ። ግራ ገባን። «ጋሼ፣ ከመጀመሪያው አይጀምሩም እንዴ?» አልናቸው። «የምንሄደው እኮ ወደ ልጅነቱ ነው» አሉ።

እንዲህ ያለ የዘፈን ቅደም ተከተል አይቼ አላውቅም። በየከተማው ድምፁ እየወጣ፣ እየቀጠነ፣ ልጅ እየሆነ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን የበቾ ሜዳ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ውሃው ገና አልጠፋም፣ ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ መንገድ ዳሩን አደይ አበባ ይዞታል። ተጂን፣ አስጎሪን አለፍን። ማንም አያወራም። ሁላችንም ያንን ወደ ኋላ የሚሄድ ድምፅ እያዳመጥን ነበር።

ቱሉ ቦሎ ስንደርስ ጋሼ «አቁም» አሉ። መኪናውንም፣ ሙዚቃውንም።

ታሪኩን ጥላሁንን የሚወድ ሁሉ ሰምቶታል። ያኔ ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። አያቱ ትምህርትህ ላይ በርታ ይሉታል። ሱዳናዊው ርዕሰ መምህር ሚስተር ሼዳድ ግን ልጁ ሙዚቃ እንደሚወድ አይተዋል፤ ከሆነ አዲስ አበባ ሂድ ብለውታል። በዚያ ጊዜ የሀገር ፍቅር ቴአትር ቡድን ትምህርት ቤቱ መጥቶ ትርኢት ያሳያል። እነ ንጋቷ ከልካይ፣ እነ ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉበት ቡድን ነው። ልጁ ኢዮኤል ዘንድ ቀርቦ ፍላጎቱን ይነግራቸዋል። እሳቸውም አዲስ አበባ መምጣት አለብህ ይሉታል። ይኸው ነው። ልጁ ተነስቶ በእግሩ መንገድ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ሲደርስ መሸበት። ዘመዱ ወይዘሮ ተመኔ ባንቱ ቤት አደረ። ቤተሰብ ሰምቶ ወደ ወሊሶ መለሰው። እሱ ግን አያቱ ዘንድ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ዳግመኛ ጠፋ። ያኔ አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፣ ከዚያ ክቡር ዘበኛ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ጋሼ ከሚኒባሱ ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ። «ሁሉም ሰው ወሊሶ፣ ወሊሶ ይላል» አሉ። «እኔ ማመስገን የምፈልገው እዚህ ያሳደሩትን ሴትዮ ነው። መሽቶበት የመጣን ልጅ በር ከፍተው አስገቡ። ስማቸውን ስንቱ ያውቃል?» ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ «ወይዘሮ ተመኔ ባንቱ» ብለው ስማቸውን ጠሩ፣ ጮክ ብለው። ጋሪ የሚነዳ ልጅ ዞር ብሎ አየን። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው ጓደኛችን ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እሱም በወጣትነቱ ከቤት ጠፍቶ የወጣ፣ ሱዳን ላይ በማያውቃቸው ሰዎች ቤት ያደረ ነው። ያሳደሩትን ሰዎች ስም አያውቅም።

ከቱሉ ቦሎ እስከ ወሊሶ ሙዚቃ አልተከፈተም። ጋሼ አልፈቀዱም። «ከዚህ ወዲያ ድምፁን ማንም አላወቀውም ነበር። ዝም ብለን እንግባ» አሉ። እውነቴን ነው፣ ከጉዞው ሁሉ እንደዚያ ዝምታ ያለ ነገር አልሰማሁም።

ስለ ወሊሶ ብዙ አልልም። ፍል ውሃው፣ ዛፉ፣ ጦጣው፣ ያላያችሁት ሂዱና እዩት። ወንጪን ጊዜ ስላልበቃን ለሌላ ቀን ተውነው። የማልተወው ቡና ያፈሉልንን እናት ነው። ጋሼ በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው። ማን ዘንድ እንደመጣን ጠየቁ። «ጥላሁን ዘንድ» ሲሏቸው ሳቁ፣ ከዚያ ረከቦታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ጥላሁን በኦሮምኛ ከዘፈናቸው አንዱን ማንጎራጎር ጀመሩ። ጋሼ ተቀበሉ። በአማርኛ ሲያንጎራጉሩ የማውቃቸው ሰውዬ በኦሮምኛ ሲዘፍኑ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። የቡናውን ሒሳብ እናትየው አልቀበልም አሉ። እማማ፣ ይህ ጽሑፍ የሚደርስዎ ከሆነ፣ ስለዚያ ቡና እግዜር ይስጥልን። ያንን ቀን የሠሩልን እርስዎ ነዎት።

ማታ ስንመለስ ጋሼ ብዙ አወሩ። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጥላሁን እንደታሰረ፣ ሲፈታም መዝፈኑን እንዳልተወ። በኋላ ዘመን ስኳር እግሩን እንዳሳጣው፣ ከዚያም ወዲህ መድረክ ላይ እንደወጣ። ይህን ሲያወሩ ነርሷ እህታችን የጣታቸውን ደም ትለካ ነበር። ጋሼም የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ስለ ጥላሁን ይመልሱ ነበር።

ያረፉት የካቲት ላይ ነው። ሁዳዴ ሳይገባ።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መድኃኒት ፍለጋ ምን ያህል እንደተንከራተትን እዚህ አልዘረዝርም። አንዱ ፋርማሲ የለም፣ ሌላው ነገ ኑ፣ ሌላው ዋጋው በእጥፍ። የተገኘውም አንዳንዴ በማቀዝቀዣ ስለመቆየቱ የሚነግርህ የለም። ኢንሱሊን እንደ ቅንጦት ዕቃ የሚፈለግበት ነገር መቆም አለበት። የዚህ በዓል ምኞቴ አንዱ ይኸው ነው፣ አለስልሼ አልናገረውም። በእጃችሁ ሥልጣን ያለ ሰዎች፣ ዛሬ ማዕድ ስትቆርሱ በየቤቱ መርፌውን ቆጥቦ የሚወጋ ሰው እንዳለ አስቡ። እናንተ ስኳር ያለባችሁ ወገኖቼ ደግሞ፣ ጠላውና ድፎው ላይ ዛሬ ጠንከር በሉ። ተለኩ። «በዓል ነው፣ ምን አለበት» የሚል ዘመድ ሲመጣ እምቢ በሉት።

ሁለተኛው ምኞቴ መንገድ ነው። ልጅ ጠፍቶ በእግሩ ሲሄድ መሽቶበት በሰላም የሚያድርበት መንገድ። ሚኒባስ ሞልተን ለመውጣት ከመነሳታችን በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለን ስልክ የማንደውልበት። አባቶቻችን ሳያስቡት የነበራቸውን ይህን ነገር ልጆቻችን እንዲያገኙት እመኛለሁ።

አሁን ጋሼ እንዳስተማሩን አደርጋለሁ፣ ዜማው የማን እንደሆነ እናገራለሁ።

ባለ ሚኒባሱ ወዳጄ፣ ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ የካቲት ውስጥ በየሌሊቱ ሐኪም ቤት ያመላለስከን አንተ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ስለ ነዳጅ አላነሳህም። እህቴ ነርሷ፣ ከሥራሽ ወጥተሽ ሳትተኚ መጥተሽ እግራቸውን ታጥቢ ነበር። ሞባይል የምትጠግኑት ልጆች፣ የጋሼን ወንበር ከበረንዳው አላነሳችሁትም፤ ባለፈው ሳልፍ አንድ ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል «እሱ ተይዟል» ስትሉት ሰምቻለሁ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛዬ፣ መድኃኒቱን በመንገደኛ በረዶ አስይዘህ የላክኸው አንተ ነህ። ሱዳን ላይ ያሳደሩህን ሰዎች መፈለግ መጀመርህን ነግረኸኛል። ይቅናህ። እነሱን ካገኘህ የመጀመሪያው ደዋይ እኔን አድርገኝ።

ሌሎቻችሁም ዛሬ እንኳን አደረሰህ ለማለት ስልክ ስታነሱ፣ አንድ ጊዜ በር የከፈተላችሁ ሰው በሕይወት ካለ እሱ ዘንድ ደውሉ። አስተማሪ ይሁን፣ አክስት ይሁን፣ አከራይ ይሁን። ስሙን ጠርታችሁ፣ ለምን እንደደወላችሁ ንገሩት።

መስከረም ላይ ደግሞ እንሄዳለን። መስቀል ማግስት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍላሽ። በዚህኛው ጉዞ ወንጪ ድረስ እንዘልቃለን ብለናል። ሚኒባሱ ላይ ጥቂት ቦታ አለ፤ መምጣት የምትፈልጉ ከአሁኑ ንገሩን። ቱሉ ቦሎ ላይ እንወርዳለን። ከዚያ ወዲያ ሙዚቃ እንደማይከፈት ግን እወቁት።

የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ ልጅዎ ስልክዎ ላይ ታነብልዎታለች ብዬ እዚሁ እናገራለሁ። ዛሬ ከሰዓት ሁላችንም እንመጣለን። ምንም እንዳይሠሩ። ዶሮውን ነርሷ ሠርታለች፣ ዳቦው የባለ ሚኒባሱ እናት ነው፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ቴፑን ብቻ ሶኬቱ ላይ ይሰኩልን።