የቆቃን ውሃ በማር ጠርሙስ ስፈትሽ

አክስቴ የምትኖረው ቆቃ ሐይቅ ዳር ነው። ባለፈው ግንቦት ልጠይቃት ከአዳማ ስሄድ፣ ዳሩ ላይ ያለው ውሃ አረንጓዴ ቀለም የደፉበት ይመስል ነበር። "ይሄን ነው የምትጠጪው?" አልኳት። "ቦኖው ሩቅ ነው ልጄ፣ በነጠላ አጥልዬ አፍልቼ ነው የምጠጣው" አለችኝ። እኔም አመንኳት። ከልጅነታችን ጀምሮ ውሃ ካስፈራህ አፍላው ነው የተባልነው።

ቤት ስመለስ ግን አላስቻለኝም፣ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ሳያኖባክቴሪያ ይባላል። አልጌ እንለዋለን እንጂ ባክቴሪያ ነው። ማዳበሪያና ፍሳሽ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ፣ ሙቀቱም ሲበረታ ይራባል። ከመርዞቹ አንዱ ማይክሮሲስቲን ነው፣ ጉበት ያጠቃል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ መርዙን ግን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ህዋሱ ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው መርዝ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው በእንፋሎት በቀነሰ ቁጥር ደግሞ የተረፈው እየጠነከረ ይሄዳል። ነጠላም የሟሟ መርዝ አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ቶሌዶ ከተማ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ይሄው መርዝ ሲገኝ፣ 400,000 ለሚሆን ሰው የተላለፈው መልእክት አትጠጡ፣ አፍልታችሁም አትጠጡ የሚል ነበር። ይህን ሳነብ አክስቴ ምድጃ ላይ የጣደችው ድስት ታየኝ።

አረንጓዴው ነገር ሳያኖባክቴሪያ መሆኑን ልፈትሽ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ባዶ የማር ጠርሙስ ሦስት አራተኛውን ሞላሁ፣ ከደንኩ፣ ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ አዳማ አመጣሁትና ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። መነቅነቅ የለበትም። ጠዋት ላይ አረንጓዴው በሙሉ ከላይ ተንሳፍፎ ቀለበት ሠርቷል፣ ከታች ያለው ጠርቷል፤ ይህ የሳያኖባክቴሪያ ምልክት ነው። ታች ቢዘቅጥ ኖሮ ምናልባት እውነተኛ አልጌ ነው። ሌላም በእንጨት የሚደረግ ሙከራ እዚያው ሐይቁ ዳር አድርጌ ነበር፦ እንጨት ሲነከር እንደ ፀጉር የሚንጠለጠል ነገር ከያዘ ሳያኖባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። የእኔ እንጨት ግን ቀለም የተቀባ መስሎ ወጣ፣ ይህም ወደ ሳያኖባክቴሪያ ያመለክታል።

ስህተቴ ውሃውን በባዶ እጄ መቅዳቴ ነው። ክንዴ ሽፍ ብሎ ሁለት ቀን አሳከከኝ። ጓንት ባይኖር እንኳ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻል ነበር።

ጠርሙሱ መርዝ አለ ወይ የለም አይልም፣ እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማይክሮሲስቲን ኤልአር ለሚባለው ዓይነት፣ ለዘወትር መጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ይሄ በዓይን የሚታይ አይደለም። አረንጓዴው ከጠፋ በኋላም መርዙ ውሃው ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

እኛም አዳማ የምንጠጣው አዋሽን ነው፣ አዋሽ ደግሞ በቆቃ ግድብ አልፎ ነው የሚመጣው። የእኛ ውሃ ግን ማጣሪያ ጣቢያ ያልፋል። የአክስቴ ጀሪካን የሚያልፈው በነጠላ ብቻ ነው።

ጠርሙሱን ሳሳያት ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ "ጥጃዋም ከዚያው ነው የምትጠጣው" አለች። እኔ ስለ ከብቶቹ አላሰብኩም ነበር። አሁን የመጠጥና የማብሰያውን ውሃ በአህያ ጋሪ ከቦኖ ታስመጣለች፣ የጋሪውን እኔ እከፍላለሁ። ዓሣ ስታዘጋጅም ሆድ ዕቃውንና ጉበቱን አውጥታ ትጥላለች፣ መርዙ የሚበዛው እዚያ ነውና።

ትናንት ስደውልላት ሁለት ጎረቤቶቿ ጠርሙስ ይዘው ሐይቁ ዳር ወርደዋል አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቅኳት እጃቸውን በፌስታል ሸፍነው እንደሆነ ነው።