ሁለቱ 200ዎች

የመዝገብ ቤታችን ሰርቨር ሃርድ ዲስኩ አርጅቶ ነበር። አንድ ስካን የተደረገ ደብዳቤ ለመክፈት ሠራተኛዋ ሻይዋን ጠጥታ ትጨርሳለች። ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፈጣኑ ዓይነት ዲስክ፣ ይገዛልን ብዬ ብጠይቅ ከግዢ ክፍል የመጣልኝ ባለ 240 ጊጋባይት ነው። አሮጌው ደግሞ 500 ነው። ትልቁን ትንሹ ውስጥ ማስገባት የኔ ሥራ ሆነ።

ዳታው ግን ብዙ አልነበረም። የዲስክ ቦታ አያያዝን በሚያሳየው ዲኤፍ በሚባል ትእዛዝ ሳየው የተያዘው 153 ጊጋባይት ነው። ሲስተሙም፣ ፕሮግራሙም፣ ስካኑም በአንድ ፓርቲሽን፣ ማለትም በአንድ የዲስክ ክፍል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ፋይሎቹ በክፍሉ ውስጥ የሚደራጁበትን ፋይል ሲስተም ላጥብበው፣ ፓርቲሽኑን በልኩ ልቁረጠው፣ ከዚያ እንዳለ ወደ አዲሱ ልገልብጠው አልኩ። እንደገና መጫን፣ እንደገና ማስተካከል የሚባል ነገር አይኖርም።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን ጀመርኩ። የኛ ፋይል ሲስተም ዓይነት፣ ኤክስት4፣ ሥራ ላይ እያለ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ለማጥበብ ከሥራ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ማሽኑን በፍላሽ አስነሳሁት። ዩፒኤሱንም ሁለቴ አየሁት። ብሎኮች፣ ማለትም ዳታው የተከፋፈለባቸው እኩል ቁርጥራጮች፣ ከቦታ ቦታ እየተጓጓዙ ሳለ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚተርፍ ማንም ቃል አይገባም።

ሐሳቤ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ነበር። እስከ ስንት ድረስ ይጠባል?

ፋይል ሲስተሙን የሚያጠበውና የሚያሰፋው ፕሮግራም፣ ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ፣ ይህን ራሱ ይናገራል። ዳሽ ትልቁን ፒ ብለው ሲጠይቁት፣ ምንም ሳይነካ ዝቅተኛውን መጠን ገምቶ ያወጣል። 41,215,300 አለኝ። ይህ ብሎክ ነው። አንዱ ብሎክ 4,096 ባይት ነው። ሳባዛው ወደ 157 ጊጋባይት መጣ። ዲኤፍ ካለኝ በ4 ይበልጣል። ይህ አያስገርምም። ፋይል ሲስተም ከፋይሎቹ ሌላ የራሱ ጓዝ አለው፤ የየፋይሉን መረጃ የሚይዘው የአይኖድ ሠንጠረዥ አለ፣ ለውጦች ቀድመው የሚመዘገቡበት ጆርናል አለ። ዲኤፍ ጓዙን አይቆጥርም።

አይኖድ ለብቻው ሊያግድ እንደሚችልም እዚህ ላይ ልናገር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይፈልጋል። አይኖዶቹ ደግሞ ለየብሎክ ቡድኑ በቁጥር የተመደቡ ናቸው። ጥቃቅን ፋይል በሚሊዮን የሞላበት ዲስክ ባዶ ቦታው ሰፊ ቢሆንም የተፈለገውን ያህል ላይጠብ ይችላል። የኛ ስካኖች ትልልቅ ስለነበሩ ይህ አላሳሰበኝም።

157ቱ ግምት ነው። የፕሮግራሙ መመሪያ ራሱ ግምቱ ሊሳሳት እንደሚችል፣ በተለይ ብሎኩ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ሲሆን፣ ያስጠነቅቃል። እስከ ወለሉ፣ ማለትም እስከ ዝቅተኛው መጠን ድረስ ማጥበብም ደግ አይደለም። ሁሉም ነገር ተጠቅጥቆ መተንፈሻ ያጣል። ስለዚህ 43 ጊጋባይት ትርፍ ትቼ 200 ላይ ወሰንኩ። ጠንቃቃ ሆኛለሁ ብዬ ልቤ አረፈ።

መጀመሪያ የፋይል ሲስተም መፈተሻ በሆነው በኤፍኤስሲኬ አስፈተሽኩት። ያለዚያ ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ አይሠራም፤ ሂጂና አስፈትሺ ይላል። ቀጥሎ 200 ጂ ብዬ ለቀቅኩት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ጨረሰ። ፋይል ሲስተሙ አሁን 52,428,800 ብሎክ ነው አለ።

ፓርቲሽን ወደሚቆርጠው ፕሮግራም፣ ወደ ፓርትድ ሄድኩ። የፓርቲሽኑን መጨረሻ 200 ጂቢ አልኩት። ማሳነስ ዳታ ሊያጠፋ ይችላል፣ ልቀጥል ወይ ሲል ጠየቀኝ። ፓርቲሽን በቀነስኩ ቁጥር ያንኑ ሲጠይቀኝ ኖሯል። አዎ አልኩት።

ከዚያ ፋይል ሲስተሙን ልክፈት ስል እምቢ አለ። ኤፍኤስሲኬን ጠራሁ። እንዲህ የሚል መልእክት መጣ። በሱፐርብሎኩ (ፋይል ሲስተሙ ስለ ራሱ በሚይዘው መዝገብ) መሠረት የፋይል ሲስተሙ መጠን 52,428,800 ብሎክ ነው። የዲስኩ (እዚህ ላይ የፓርቲሽኑ) መጠን ግን 48,827,869 ብሎክ ነው። ወይ ሱፐርብሎኩ ወይ የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ሳይበላሽ አልቀረም። ላቋርጥ?

እጄ ቀዘቀዘ። የነበረኝ ባካፕ ያለፈው እሑድ የተወሰደ ነው። የስድስት ቀን ስካን በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው ያለው። ወረቀቶቹ ደግሞ ለባለጉዳዮቹ ተመልሰዋል።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። የክፍላችን አንጋፋ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ላቋርጥ ነው የሚልሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አዎ በይው። ከዚያ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሁለቱን ቁጥሮች አስነበቡኝ። ሲጽፉ ይሰማኛል።

«ፓርትድ ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? ጂቢ ነው ወይስ መሃሉ ላይ ትንሿ አይ አለችበት?»

«ጂቢ ብቻ።»

«አየሽ ልጄ፣ በራስሽ ክንድ ለክተሽ ቤት ሠራሽ፣ በሕፃን ክንድ ለክተሽ አጠርሽ። አጥሩ ሳሎን ገብቷል።»

ያኔ ገባኝ። ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ አንድ ጂ ሲባል 1,073,741,824 ባይት ነው የሚረዳው። ፓርትድ ጂቢ ሲባል ድፍን 1,000,000,000 ባይት ይወስዳል፤ ትንሿ አይ ያለችበት ጂአይቢ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያንኑ 1,073,741,824 ይወስድ ነበር። በአንዱ ላይ ልዩነቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። 200 ሲሆን ግን 14.7 ቢሊዮን ባይት ይደርሳል። የፋይል ሲስተሙ ጭራ ከፓርቲሽኑ ውጭ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ የዋልኩት ወለሉን ነበር። ወለሉ ምንም አልሆነም።

«ጠፋ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልጠፋ። የፓርቲሽን ሠንጠረዥ እኮ ከዚህ እስከዚህ የሚል ማስታወሻ ነው። ማስታወሻውን ቀየርሽ እንጂ ዕቃውን አልነካሽም። ክፍት በቀረው ቦታ ላይ የጻፍሽበት ነገር አለ?»

አልጻፍኩም። በዚያ ቦታ ሌላ ፓርቲሽን ፈጥሬ ቢሆን፣ ወይም ኤፍኤስሲኬን አታቋርጥ፣ ጠግን ብዬው ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። መጨረሻውን ወደ 215 ጂቢ መለስኩት። ኤፍኤስሲኬ እስከ መጨረሻው ሄዶ ንጹሕ ነው አለ። ዓርብ የገባ አንድ ደብዳቤ ፈልጌ ከፈትኩ። ግርጌው ላይ ሐምራዊ ማኅተም አለበት። አጉልቼ አየሁት። የማኅተሙ ጠርዝ እንኳ አልጎደለም።

215 ጂቢ አዲሱ ዲስክ ላይ ስለሚገባ በዚያው ልቀጥል ነበር። ጋሼ አልፈቀዱም። መጀመሪያ ባካፕ አስወሰዱኝ፤ ሌሊቱን እሱ ሲሠራ አደረ። እሑድ ጠዋት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ፋይል ሲስተሙን ከታሰበው 200 በታች፣ ወደ 180 አስወረዱኝ። ፓርቲሽኑን 200 ላይ አስቆረጡኝ፤ አሁን ትንሿ አይ ያለችበትን እያዩ። በመሃል የ20 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ቀረ። ክንዱ ቢሳሳት እንኳ አጥሩ ቤቱን አይነካም። ከዚያ ሁሉን ወደ ኤስኤስዲው ገለበጥን፣ ፓርቲሽኑን እስከ ዲስኩ ጫፍ ዘረጋነው። በመጨረሻም ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስን ያለ ምንም ቁጥር ጠራሁት። ቁጥር ካልሰጡት ራሱ ፓርቲሽኑን ለክቶ እስከ ጫፉ ይሞላል። ማስፋት ቀላል ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አለቀ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

ጊጋባይቱን ልናገር ስል ያዝ አደረግኩት። ስክሪኑ ላይ ያለውን አነበብኩላቸው።

«58,607,360 ብሎክ።»