የተበላሸ ሥጋና ቁንዶ በርበሬ

ታሪክ ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎች ለምን ባሕር አቋርጠው እንደሄዱ እያስረዳሁ ነበር። «ሥጋቸው ቶሎ ይበላሻል፤ ሽታውን የሚያጠፋ ቅመም ፍለጋ ነው የወጡት» አልኩ። እኔም ተማሪ ሆኜ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። እናቷ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች።

«ቲቸር፣ ቁንዶ በርበሬ ያኔ ውድ ነበር ብለውናል። እሱን የሚገዛ ሰው ትኩስ ሥጋ መግዣ እንዴት ያጣል?»

መልስ አልነበረኝም። «ነገ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ልጅቷ ልክ ናት። ቅመም የሀብታም ማዕድ ማሳያ ነበር፤ መድኃኒት ነው ተብሎም ይታመንበት ነበር። ነጋዴውን ያስነሳው ግን የዋጋው ልዩነት ነው። ከሕንድ የማላባር ጠረፍ የተነሳ ቁንዶ በርበሬ በቀይ ባሕር አልፎ ካይሮና እስክንድርያ ይገባል። እዚያ የግብፅ ሱልጣን ቀረጥ ይጠብቀዋል። ከዚያ የቬኒስ ነጋዴዎች ይረከቡታል። በየደረሰበት ትርፍ ይጨመርበታል። ፖርቱጋሎች ይህን ሁሉ ደላላ ዘለው ከምንጩ መግዛት ፈለጉ። የእነሱ መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ማላባር ጠረፍ ላይ ያለችው ካሊከት ደርሶ ለገዢው ያዘጋጀውን ጨርቅ፣ ባርኔጣና መታጠቢያ ሳሕን ሲያሳይ፣ ሹማምንቱ አይተው ሳቁ። የአውሮፓን ዕቃ የሚፈልግ እዚያ ብዙም አልነበረም።

በማግስቱ ከጉሊት ቅርንፉድ ገዝቼ ገባሁ። ሁለት ሁለት ፍሬ አደልኳቸው። «ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው» አልኩ። ክፍሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ እየሸተተ ቅመም ፍለጋ የወጣውን የመርከበኛውን የማጄላንን ጉዞ ነገርኳቸው። በ1519 አምስት መርከቦች ከስፔን ወጡ። እሱ ራሱ መንገድ ላይ ተገደለ። በ1522 ዓለምን ዞራ የተመለሰችው አንዲት መርከብ ብቻ ናት፤ 18 አውሮፓውያን ይዛ። የጫነችው ቅርንፉድ የጉዞውን ወጪ ሸፈነ።

ያቺው ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «ሻጮቹስ ምን አገኙ?»

ይህን ግን አንብቤ ነበር። በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የገውዝን ንግድ ብቻውን ለመያዝ ሲል በ1621 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ያሉትን የባንዳ ደሴቶች በጦር ያዘ። ገውዝ ያኔ የሚበቅለው እዚያ ብቻ ነበር። ከነዋሪው አብዛኛው ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ ተሰደደ ወይም በባርነት ተጋዘ። ይህን ስናገር ድምፄ ዝቅ አለ። ልጆቹም ዝም አሉ።

አሁን ያንን ምዕራፍ የምጀምረው ቅርንፉድ በማደል ነው። ስለ ሻጮቹ የሚጠይቅ ተማሪ ከጠፋ፣ እኔው እጠይቃለሁ።