የቲማቲሜን ቅጠል በአበባው ሰዓት የላጨሁት እኔው ነኝ

አዳማ ላይ፣ በበጋ፣ ቲማቲሙ አበባ ይዞ እያለ ቅጠሉን የሚያራግፍ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። የእኔን የያዘልኝ አልነበረም።

መሬቱ የአጎቴ ነው። ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ፣ ሰባት መቶ ካሬ የማይሞላ ቁራሽ። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። ማሳ የምደርሰው ጠዋት ከሥራ በፊትና ቅዳሜ እሑድ ነው። ዘሩ ሮማ ቪኤፍ ነበር። ችግኙን አፈላሁ፣ ኅዳር 10 ገደማ አዛወርኩ። ሃያ ሁለት መስመር፣ በየመስመሩ መቶ ያህል ችግኝ። ማዳበሪያ ሰጠሁ፣ በእንጨትና በሲባጎ ደገፍኩ፣ በሳምንት ሁለቴ በቦይ አጠጣሁ። እዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም።

ጥር ሲገባ ማሳው ጫካ መሰለ። ቢጫ አበባው በየቅጠሉ መሃል ብቅ ብሏል፤ ከታች ደግሞ የሎሚ ፍሬ የሚያክሉ አረንጓዴ ቲማቲሞች ተንጠልጥለዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጨነቀኝ። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼ ነበር። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሆላንዳዊ፣ የመስታወት ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ከፍሬው በታች ያለውን ቅጠል ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይጥላል። ግንዱ ንጹሕ፣ ፍሬው እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ። የእኔ ማሳ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ያልተበጠረ ፀጉር ነበር።

በዚያው ሰሞን የግብርና ባለሙያው በሞተር መጣ። ከሞተሩ ሳይወርድ ማለት ይቻላል። አንድ እግሩ መሬት ላይ፣ አንዱ ሞተሩ ላይ። «ቅጠሉ በዝቷል፤ የታችኛውን ሁሉ አንሳው፣ አየር ይግባው፣ አለበለዚያ በሽታ ይጨርስሃል» አለኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ፣ መምጣቱን አስፈርሞኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይም ያው ነው የተጻፈው፦ የታችኛውን ቅጠል አስወግድ። ስንት? መቼ? የትኛው ዓይነት ቲማቲም ላይ? ዝም ነው። እኔም አልጠየቅኩም። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ እሱ ባይነግረኝ እንኳ መጠየቅ አያቅተኝም ነበር።

ጥር 8 ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ ጀመርኩ። ለሁለት ቀን ተኩል ላጨነው። ቃሉ ሌላ አይደለም፣ መላጨት ነው። ከታች እስከ ወገቡ ቅጠል የሚባል አልተረፈም። በቅጠሉና በግንዱ መሃል፣ ብብቱ ላይ የወጣውን ቀንበጥም ነቀልን። ቲማቲም የቀነጠበ ያውቀዋል፤ እጅህ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል። ስትታጠብ ደግሞ ከሳሙናው ጋር የሚወርደው ውሃ እርድ የተበጠበጠበት ይመስላል። ማታ እጄን ለባለቤቴ አሳየኋት። ኩራት ነበር እኮ! ሥራ የሠራ ሰው እጅ።

ጥር 10 ከተራ ነው። ሠራተኞቹ እኩለ ቀን ላይ ጥለውኝ ሄዱ። አሥራ ስምንት መስመር ጨርሰናል፣ አራት ቀርቷል። በማግስቱ ጥምቀት፣ ከዚያ ቃና ዘገሊላ። ከዚያ ቢሮ ሥራ በዛብኝና አራቱ መስመር እንደ ጎፈረ ቀረ። ሠራተኞቹን በጣም ነበር የተቀየምኳቸው። አሁን ሳስበው ሻይ ልጋብዛቸው ይገባኝ ነበር።

ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው ነገሩ የታየኝ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ፣ በጎኑ፣ ነጣ ያለ ምልክት ወጣ። በመጀመሪያ አቧራ መሰለኝና በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ቦታው ነጭ ሆነ፣ ሰረጎደ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማደደ። ሰባት ፍሬ ቆርጬ በፌስታል ይዤ ከተማ ግብርና መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጁ አንዱን አንስቶ ገልበጥ አደረገና «ፈንገስ ነው፣ ገብቷል» አለ። ሁለት ዓይነት ሸጠልኝ። አንዱ ካልሠራ በሌላው ቀይር አለኝ። ረጨሁ። በአራተኛው ቀን ደገምኩ። ነጩ ነገር ጨመረ። ሌላኛውን ረጨሁ። ነጩ ላይ አሁን ጥቁር ሻጋታ ወጣበት። ሻጋታ ሳይ ደግሞ «አዎ፣ ልጁ እውነቱን ነው፣ ፈንገስ ነው» ብዬ አረፍኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ነገሩን የፈቱት ጎረቤት ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቅዳሜ በቦዩ በኩል ውሃ ሊመልሱ መጡና ቆመው አዩኝ። እኔ መርጫውን ተሸክሜያለሁ።

«ምን እየረጨህ ነው?»

«ፈንገስ ገብቶብኝ ነው ጋሼ።»

ወደ መስመሩ ገቡ። አንድ ፍሬ አላዞሩም፣ አልቆረጡም። ከመስመሩ በአንዱ በኩል ሄዱ፣ በሌላው በኩል ተመለሱ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ና እስቲ፣ በዚህ በኩል ቁምና እይ። አለ?» በምሥራቅ በኩል ነበርን። ፍሬው ሁሉ ጤነኛ ነው። «አሁን ዙርና በዚያ በኩል እይ።» በሞጆ በኩል፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ጎን፣ ፍሬው ሁሉ ነጭ ጠባሳ አለበት። «ፈንገስ ጎን ይመርጣል እንዴ ልጄ?»

አፌን ይዤ ቀረሁ።

የፀሐይ ቃጠሎ ነበር። በጥላ ውስጥ ያደገ አረንጓዴ ፍሬ ድንገት ጥላው ሲገፈፍ፣ ፀሐይ የሚመታው ቆዳ ከአየሩ በጣም በልጦ ይግላል። 40 ዲግሪ ሲያልፍ እዚያ ቦታ ያለው ሥጋ ይሞታል። ጥቁሩ ሻጋታ የሚመጣው በኋላ ነው፣ የሞተውን ሊበላ። እኔ ለሦስት ሳምንት ቀብር አስፈጻሚውን ገዳይ ነው ብዬ ሳሳድድ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ወደ አራቱ ጎፈሬ መስመሮች ጠቆሙኝ። ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከሥሩ ያለው ፍሬ አንድም ጠባሳ የለውም፣ ቀዝቃዛ ነው። በእጄ ያዝኩት። ከዚያ የተላጨው መስመር ላይ ያለውን ያዝኩ። የሞቀ የሻይ ብርጭቆ ነው። ያንን ልዩነት የጥምቀት ሰሞን ማወቅ ነበረብኝ።

ስለ ቪዲዮውም ነገርኳቸው። ሳቁ። «ሆላንዶቹ እኮ እዚህም መጥተው ነበር» አሉኝ፤ ወንጂ ስኳርን ማለታቸው ነው። «የመስታወት ቤት አልሠሩም፣ ሸንኮራ ተከሉ።»

በኋላ ሳነብ የገባኝ ነገር ይብሳል። የቪዲዮው ቲማቲም ማደግ የማያቆም፣ በገመድ እየተሳበ ብዙ ሜትር የሚሄድ ዓይነት ነው። ከታች ሁለት ሦስት ቅጠል በየሳምንቱ ቢነሳለት ከላይ ይተካል። አገሩም ፀሐይ የሚናፈቅበት ነው። ሮማ ግን ቁጥቋጦ ነው። የተወሰነ ቁመት ሲደርስ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ብዙም ቅጠል አይጨምርም፤ ያለው ቅጠል ያው ነው። የጎን ቀንበጡ ላይ ደግሞ ነው ብዙውን ፍሬ የሚይዘው። እኔ ጥላውንም፣ ፍሬ ሊሆን የነበረውንም አብሬ ነቅያለሁ። የዘሩ ጣሳ ላይ ያለው ቪኤፍ እንኳ ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን ሁለት አጠውላጊ ፈንገሶች ይቋቋማል ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። የፋብሪካ ስም ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ከሸንኮራ አብቃይ ጎረቤት ደረቅ የሸንኮራ ቅጠል አስመጡልኝ። በምዕራቡ በኩል ሲባጎው ላይ እንደ መጋረጃ አንጠለጠልነው። የአዳማ ንፋስ መብራት የሚያመነጭ ንፋስ ነው፤ ሁለት ጊዜ አራግፎት እንደገና አሰርን። ገና ትንንሽ የነበረውን ፍሬ አተረፈልኝ። የተቃጠለው ግን ተቃጥሏል። ከቃጠሎ የተረፈውም ቢሆን ሙቀቱ ስለበዛበት ቀይ መሆን አቅቶት ጎኑ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በጣም ሲያልፍ በደንብ አይመረትም።

የካቲት ላይ ለቀማ ጀመርን። ካልተላጩት አራት መስመሮች 14 ሳጥን ወጣ። ከአሥራ ስምንቱ 41 ሳጥን፤ ከዚያ ውስጥ 17ቱን ደላላው በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይኼን ለከብት» አለኝ። በእግሩ! ሒሳቡን ማታ በወረቀት ሠራሁት። የአራቱን ያህል ሁሉም ቢሰጡ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር ብዬ አባዛሁ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ወረቀቱ የሚለውን ትቼ። በበጋ አበባ ላይ ያለ ቁጥቋጦ ቲማቲም ላይ የማነሳው አፈር የነካውን፣ ቢጫ የሆነውንና የታመመውን ቅጠል ብቻ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ ላይ ጥላ የጣለ ቅጠል አይነካም፣ ምንም ቢያስጠላ። ማሳ የውበት ውድድር አይደለም። ክረምት ሌላ ጉዳይ ነው። ዝናቡ አፈሩን ከነበሽታው ቅጠሉ ላይ ሲረጨው ከታች አንድ ስንዝር ያህል ቢጸዳ አልከራከርም። በጋ ላይ በቦይ የሚጠጣ ማሳ ውስጥ ግን ያ ጭቃ የት አለና ነው?

ማንሳት ካለብኝም ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ጠዋት ነው፤ ቅጠሉ ቀጭ ይላል፣ ቁስሉም በቀኑ ይደርቃል። በአንድ ቀን ከአንድ ተክል ከሁለት ቅጠል በላይ አላነሳም። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይገባም፣ የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋልና። ይኼን ስናገር ሠራተኞቹ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ።

እና ነጭ ጠባሳ ካያችሁ መርጫ ከመሸከማችሁ በፊት ዙሩት። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ፀሐይ ነው። ቂጡ ላይ ጥቁር ከሆነ የካልሲየምና የውሃ መዛባት ነው፣ እሱም ፈንገስ አይደለም። መድኃኒት ሻጩ መድኃኒት ነው የሚሸጠው፤ «ዝም ብለህ ተወው» የሚባል ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ የለም።

ዘንድሮ ሃያ ሁለቱም መስመር ጎፍሯል። ባለቤቴ ጅብ ይደበቅበታል ትላለች። ባለፈው ሳምንት ባለሙያው በሞተሩ መጣ። አንድ እግር መሬት፣ አንድ እግር ሞተር። ማሳውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቅጹ ላይ «የቅጠል ቅነሳ አልተካሄደም» ብሎ ጻፈና እንድፈርም ሰጠኝ።

ፈረምኩ።